ለቁም ከብት የሚሰጥ የጤና ወረቀት ዋጋው ምን ላይ ነው?

አንድ ነጋዴ ሁለት ሺህ በግ ገዝቶ በመርከብ ወደ ጂዳ ለመላክ ቢያስብ፣ በጎቹን ከመግዛትና መኖ ከማዘጋጀት ይልቅ የሚያደክመው አንዲት ወረቀት ማግኘት ነው። ይህችም ወረቀት የእንስሳት ጤና ምስክር ወረቀት ትባላለች። በላይዋ የከብቱ ዓይነትና ቁጥር፣ የተነሣበት ስፍራ፣ የተደረገለት ምርመራና ክትባት፣ በማቆያ የሰነበተበት ቀን ይጻፍባታል፤ በመጨረሻም አንድ የመንግሥት የከብት ሐኪም ፊርማውንና ማኅተሙን ያኖርባታል። ብዙዎቻችን ይህችን ወረቀት እንደ ማንኛውም የቢሮ ወረቀት፣ ማለት ገንዘብ ተከፍሎ እንደሚወሰድ ደረሰኝ አድርገን እናያታለን። ነገሩ ግን እንዲህ አይደለም። ወረቀቲቱ የምትመሰክረው ስለ ሁለቱ ሺህ በጎች ብቻ ሳይሆን በጎቹ ስለ ወጡበት አገር ጭምር ነው። አገሩ ካልታመነ በጉ ምንም ጤነኛ ቢሆን ከመርከብ አይወርድም። ለማስረዳት የምሞክረውም ይህንኑ ነው። (ዓ.ም. ተብሎ ካልተጻፈ በቀር ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

መጀመሪያ፣ ይህ ሁሉ ጥንቃቄ ከየት መጣ? ብለን እንጠይቅ። አንዱ መልስ ከእኛው ታሪክ ውስጥ ይገኛል። ቅድመ አያቶቻችን ክፉ ቀን እያሉ ያወሩት ከ1880 እስከ 1884 ዓ.ም. የነበረው ረኃብ በድርቅ ብቻ የመጣ አልነበረም። በ1887 የኢጣልያ ጦር ከህንድ ባስመጣቸው ከብቶች ደስታ የተባለው የቀንድ ከብት በሽታ በምጽዋ በኩል እንደ ገባ የታሪክ ጸሐፊዎች ይተርካሉ። (ደስታ መባሉም ክፉን ነገር በመልካም ስም የመጥራት ልማዳችን ያመጣው ሳይሆን አይቀርም።) በሽታው ከወደቡ ተነሥቶ ደጋውን ወጥቶ ወደ ደቡብ ሲወርድ፣ ከአገሩ የቀንድ ከብት ከአሥሩ ዘጠኙ ያህል እንዳለቀ ይገመታል። በሬ የሌለው ገበሬ ምን ይዞ ያርሳል? እርሻው ጦም አደረ፤ ከከብቱም ቀጥሎ ሰዉ አለቀ። እንግዲህ በአንድ ወደብ ላይ ያልተመረመሩ ጥቂት ከብቶች መውረዳቸው ምን ሊያመጣ እንደሚችል ከእኛ የበለጠ የሚያውቅ ሕዝብ ጥቂት ነው።

አውሮፓም ትምህርቷን ያገኘችው ከዚሁ በሽታ ነው። በ1920 ከህንድ ተጭነው ወደ ብራዚል የሚሄዱ ሻኛ ያላቸው ከብቶች በመንገዳቸው የቤልጅግ ወደብ በሆነው በአንትወርፕ ዐረፉ። መንገደኞች እንጂ ለቤልጅግ የተሸጡ አልነበሩም። ነገር ግን በዚያው ባረፉበት ስፍራ ደስታን ለሌሎች ከብቶች አስተላልፈው አለፉ፤ በሽታውም በአገሩ ተሠራጨ። በዚህ የደነገጡ መንግሥታት በማግሥቱ ዓመት በፓሪስ ተሰብስበው መከሩ፤ በ1924ም 28 አገሮች ፈርመው የዓለም የእንስሳት ጤና ድርጅትን አቋቋሙ። ዛሬ የአባሎቹ ቁጥር ከ180 በላይ ነው። ድርጅቱ ከ1968 አንሥቶ የሚያሳትመው የየብስ እንስሳት የጤና ደንብ ከብት ሻጭና ከብት ገዢ አገሮች ሲከራከሩ የሚጠቅሱት ዋና መጽሐፍ ሆኗል። በ1995 ሥራ ላይ የዋለው የዓለም ንግድ ድርጅት ስምምነትም ለእንስሳት ጤና መለኪያ አድርጎ የተቀበለው ይህንኑ ደንብ ነው።

አሁን ወደ ደንቡ ውስጥ እንግባ። ለጀማሪ ሰው ግር የሚለው የቀኖቹ ነገር ነው። ከብቱ ስለምን ይህን ያህል ቀን ታጉሮ ይቆያል? ነጋዴው «ዓይኑ ጥሩ፣ ፀጉሩ የሚያበራ፣ መኖውን ጠርጎ የሚበላ ወይፈን ነው፤ ሐኪሙ አይቶ ይፈርምልኝ» ይላል። ሐኪሙ ግን ዛሬ ጤነኛ የሚመስለው ከብት ትናንት የበሽታውን ዘር አግኝቶ እንደሆነ በዓይኑ ሊያውቅ አይችልም። በሽታ ወደ ሰውነት ከገባበት ቀን አንሥቶ ምልክቱ እስከሚታይበት ቀን ድረስ ተደብቆ የሚቆይበት ጊዜ አለው። ደንቡ ይህን የመደበቂያ ጊዜ ለየበሽታው እየለየ ወስኖታል። አፍና ሰኮናን ለሚያቆስለው አፍተ እግር 14 ቀን፣ የበግና የፍየል ደስታ መሰል ለሚባለው 21 ቀን፣ ለቆዳ ጉርብርብ 28 ቀን፣ ለፍየል ሳንባ በሽታ 45 ቀን ነው። ለቀንድ ከብት የሳንባ በሽታ ግን ስድስት ወር ሙሉ ነው።

በዚህ በመጨረሻው ላይ ጥቂት እንቆይ፤ ከሁሉ ይልቅ የሚያስተምር ነውና። የሳንባ በሽታ የያዘው በሬ ሁልጊዜ አይሞትም። ብዙ ጊዜ የታመመው የሳንባ ክፍል በወፍራም ከረጢት መሰል ሽፋን ይታሸግና በሬው የዳነ ይመስላል። ይበላል፣ ይወፍራል፣ ገበያ ይወጣል። በከረጢቱ ውስጥ ያለው ተሕዋስ ግን ለወራት ሕያው ሆኖ ሊቆይ ይችላል። ከብቱ ረዥም መንገድ ሲነዳ፣ ሲራብ፣ በመኪና ላይ ሲጨናነቅ ሽፋኑ ሊቀደድ ይችላል፤ ያን ጊዜ በትንፋሹ አጠገቡ ያሉትን ሁሉ ይበክላል። ስለዚህ የዚህ በሽታ ነገር በዓይን ማየትም በማቆያ ማጎርም ብቻውን አይበቃውም። የደም ምርመራ ያስፈልገዋል፤ ከዚያም በላይ ከብቱ የመጣበት ቀበሌ በሽታው ያልታየበት መሆኑ መታወቅ አለበት። ይህን የሚያውቀው በማቆያው በር ላይ የቆመው ሐኪም ሳይሆን ከብቱ በተወለደበት ወረዳ ያለው ሠራተኛ ነው።

በማቆያው ውስጥ ነጋዴና ሐኪም አዘውትረው የሚጋጩበት ሌላ ሕግ አለ። በአንድ ጉረኖ የሚገቡት ከብቶች በአንድ ቀን ገብተው በአንድ ቀን መውጣት አለባቸው። የማቆያው ጊዜ 21 ቀን ነው እንበል። በ20ኛው ቀን ላይ ደላላው «መርከቡ አልሞላም» ብሎ አንድ መኪና በግ ቢጨምር፣ ቆጠራው ለሁሉም እንደገና ከአንድ ይጀምራል። ነጋዴው በየቀኑ የመኖና የእረኛ ይከፍላል፤ መርከቡም በወደብ ቆሞ ኪራይ ይቆጥራል። በተለይ የዓረፋ በዓል ሲቃረብ የአንድ ቀን መዘግየት ትርፉን ኪሣራ ሊያደርገው ይችላል። እንግዲህ «አዲሶቹን በጎች ከመጀመሪያው እንደ ነበሩ አድርገህ ጻፍልኝ» የሚለው ልመና የሚመጣው እዚህ ላይ ነው። ሕጉን የሚያውቅ ሰው ይህን ልመና እንደ ትንሽ ውለታ አይቆጥረውም።

ስለ ደም ምርመራም አንድ ነገር ልጨምር። ለውርጃ በሽታ፣ ማለት ለብሩሴሎሲስ፣ የሚደረገው ምርመራ ቀላል ነው። አንድ ጠብታ የከብቱ ሴረም ከአንድ ጠብታ ሐምራዊ መድኃኒት ጋር ተቀላቅሎ ለአራት ደቂቃ ይናወጣል፤ ከረጋ ከብቱ ተጠርጣሪ ነው። ሁለት ሺህ በግ ሲሆን ግን ሁሉን ከመመርመር ይልቅ ከመካከላቸው ጥቂቱን መርጦ መመርመር የተለመደ ነው። ስንት ቢመረመር ይበቃል? ስታቲስቲክስ ለምትማሩ መልሱ ሩቅ አይደለም። በአንድ ትልቅ መንጋ ውስጥ ከመቶው አምስቱ በሽተኛ ከሆኑ፣ አንድ የተመረጠ በግ ጤነኛ ሆኖ የመገኘቱ ዕድል 0.95 ነው። ይህን ቁጥር በራሱ 59 ጊዜ ብታባዙት ከ0.05 በታች ይሆናል። እንግዲህ ምርመራው የማይሳሳት ነው ካልን 59 በግ መርምሮ ቢያንስ አንዱን በሽተኛ የማግኘት ተስፋችን 95 ከመቶ ነው። በሽተኞቹ ከመቶ አንድ ብቻ ቢሆኑ ግን የሚመረመሩት 299 መሆን አለባቸው። በሽታው ባነሰ ቁጥር ማግኘቱ እየከበደ ይሄዳል ማለት ነው። ገዢው አገርም ይህንኑ ስሌት ያውቃል፤ ስለዚህ «መርምረን አላገኘንም» የሚለውን ቃል ብቻ ሰምቶ አያምንም፤ አገሩ በሽታን ሲያገኝ የሚናገር አገር ነው ወይ? ብሎ ይጠይቃል።

ይህ ጥያቄ ለእኛ አካባቢ ምን ያህል ውድ እንደሆነ ያሳየው የስምጥ ሸለቆ ትኩሳት ነው። በሽታው መጀመሪያ የተለየው በ1930 እና በ1931 በኬንያ ናይቫሻ ሐይቅ አጠገብ ነው። ያረገዙ በጎች ይጨነግፋሉ፤ ግልገሎች ያልቃሉ፤ የታመመን ከብት ያረደ ወይም ያዋለደ ሰውም ይያዛል። የሚያስተላልፈው የወባ ትንኝ ዘመድ የሆነ ሌላ ትንኝ ሲሆን፣ እንቁላሉ በደረቅ መሬት ውስጥ ቫይረሱን እንደ ያዘ ለዓመታት ይቆያል። ከባድ ዝናብ መጥቶ ሜዳው ውሃ ሲያቁር ይፈለፈላል። በ1997 መጨረሻና በ1998 መጀመሪያ በምሥራቅ አፍሪካ የጣለው ያልተለመደ ዝናብ በኬንያ፣ በሶማሊያና በታንዛንያ ወረርሽኙን ቀሰቀሰ። ሳዑዲ ዓረቢያም በ1998 ከአፍሪካ ቀንድ የሚመጣውን ቁም ከብት አገደች፤ እገዳውም በማግሥቱ ዓመት ተነሣ። ነገር ግን በመስከረም 2000 በሽታው ከአፍሪካ ውጭ ለመጀመሪያ ጊዜ በሳዑዲዋ የጂዛን አውራጃና በየመን ተገኘ፤ በሁለቱ አገሮች በድምሩ ከ200 በላይ ሰዎች ሞቱ። የቫይረሱም ዘር ከምሥራቅ አፍሪካው ጋር የቅርብ ዝምድና እንዳለው ታወቀ። ያን ጊዜ የሳዑዲ በር እንደገና ተዘጋ፤ ለዓመታትም አልተከፈተም።

በዚህ ጊዜ የተጐዳው ማን ነው? በ1997 ከበርበራ ወደብ ብቻ ከ2 ሚሊዮን በላይ በግና ፍየል ወጥቶ ነበር፤ ከዚህም ብዙው ከእኛው ከሶማሌ ክልል ተነድቶ የሄደ ነው። እስከዚያ ጊዜ ድረስ በኢትዮጵያ የስምጥ ሸለቆ ትኩሳት ወረርሽኝ ሆኖ ተነሣ ተብሎ አልተመዘገበም። የቀብሪ ደሃር ወይም የደገሃቡር አርብቶ አደር ግን በጎቹ ሳይታመሙ ገበያው ተዘጋበት። «በሽታው እኛ ዘንድ የለም» ብንል «የለም ያላችሁት ፈልጋችሁ አጥታችሁ ነው ወይስ ሳትፈልጉ?» የሚል ጥያቄ ይከተላል። በዚያ ሰፊ ቆላ የሚዞር ሐኪም፣ ደም የሚሰበስብ ሠራተኛ፣ ትንኝ የሚቈጥር አጥኚ ካልነበረ መልሱ ምን ይሆናል? በሽታ አለመኖሩን ማወቅ ራሱ ሥራ ነው፤ ገንዘብም ያስወጣል። እኔ እንደሚመስለኝ በአገራችን ከከብት ንግድ ከሚጠፋው ሀብት ትልቁ የሚጠፋው በዚህ በኩል እንጂ በመኖ ወይም በመርከብ እጥረት አይደለም።

«ታዲያ በጎቹን ሁሉ ብንከትብስ?» የሚል ይኖራል። እዚህ ላይ ነገሩ ይጠላለፋል። የተከተበ ከብት ደሙ ውስጥ ቫይረሱን የሚዋጋ መከላከያ ያበቅላል፤ ታሞ የዳነ ከብትም እንዲሁ። በስምጥ ሸለቆ ትኩሳት እስካሁን በሥራ ላይ ያሉት ክትባቶች የሚያስከትሉት መከላከያ ከበሽታው መከላከያ በምርመራ አይለይም። ስለዚህ የከተበ አገር ነጋዴ በጂዳ ሲመረመር በሽተኛ ሊመስል ይችላል። ከሁለቱ የመከላከያ ዓይነቶች ቀድሞ ወጥቶ ቶሎ የሚጠፋው በመኖሩና ባለመኖሩ የቅርብ ጊዜን ከድሮው መለየት ይቻላል፤ ይህም የሚረዳው በክትባቱና በጉዞው መካከል በቂ ጊዜ ካለ ነው። ለአፍተ እግር መላው ተገኝቶለታል፤ ክትባቱ ከተጣራ የታመመውን ከተከተበው የሚለይ የደም ምርመራ አለ። ግን አፍተ እግር ራሱ ሰባት ዓይነት ሆኖ አንዱ ክትባት ለሌላው አይሆንም (ሲ የተባለው ዓይነት ከ2004 ወዲህ አልታየም)። በኢትዮጵያ ከአንድ በላይ ዓይነት ስለሚዘዋወር «ተከትቧል» ብሎ መጻፍ ብቻ አይበቃም፤ ለየትኛው? ተብሎ ይጠየቃል።

እምነት ከሌለ የሠለጠነ አገር ወረቀት እንኳ እንደማያድን የኮርሞ ኤክስፕረስ ታሪክ ያሳያል። ይህች መርከብ በነሐሴ 2003 ከ57 ሺህ በላይ የአውስትራሊያ በጎች ጭና ጂዳ ደረሰች። የሳዑዲ ሐኪሞች ከበጎቹ ከመቶው ስድስቱ ኦርፍ የሚባል የከንፈር ቁስል አለባቸው፤ የተስማማነው ግን ከአምስት እንዳይበልጥ ነው ብለው መለሷት። አውስትራሊያ «ቁስሉ ከዚያ እጅግ ያነሰ ነው» ብላ ተከራከረች፤ ሆኖም የገዢው አገር ቃል ጸና። መርከቧ በባሕር ላይ ከሁለት ወር በላይ ስትንከራተት ብዙ አገሮች ተጠይቀው እምቢ አሉ፤ በጎቹን የአውስትራሊያ መንግሥት መልሶ ገዛቸው፤ ከ5 ሺህ በላይም ሞቱ። በመጨረሻ በጥቅምት ወር ኤርትራ ተቀብላቸው ምጽዋ ላይ ወረዱ። ኦርፍ እንደ ደስታ ያለ ጨራሽ በሽታ አይደለም፤ ብዙ ጊዜ በራሱ ይድናል። አውስትራሊያም ወደ ሳዑዲ መላኩን አቋርጣ ቆየች፤ በ2005 ግን አዲስ ስምምነት ተፈራረመች። በዚህም በጎቹ የምርመራው ውጤት ምንም ይሁን ምን ከመርከብ ወርደው በገዢው አገር ማቆያ እንዲቆዩ ተወሰነ። ይህ አንቀጽ በእኛም ስምምነቶች ውስጥ ሊፈለግ የሚገባው ነው። ክርክሩ በየብስ ላይ ሲሆን ይጓተታል እንጂ ከብት አይፈጅም። (አውስትራሊያ በ2024 ባወጣችው ሕግ በግን ነፍሱ ሳለ በባሕር መላክን ከሜይ 1 ቀን 2028 ጀምሮ ከልክላለች። የሚለቀቀውን ገበያ ማን ይይዘዋል? የሚለውን ለንግድ ተማሪዎች እተወዋለሁ።)

ወደ እኛ እንመለስ። እገዳው ለረዥም ጊዜ ሲቆይ መፍትሔ የመጣው በወደቦች በኩል ነው። በ2006 በጅቡቲ፣ በ2009 ደግሞ በበርበራ ትልልቅ ማቆያዎች ተከፈቱ፤ ከብቱ እዚያ ታጉሮ፣ ደሙ ተመርምሮ፣ በዚያው ወረቀት ተሰጥቶት ይጫናል። በ2009 መጨረሻ ሳዑዲ በሯን ለሶማሊያ በጎች የከፈተችውም በዚህ ምክንያት ነው። ከእኛም በኩል ቦረናው ወይፈን ከዱብሉቅና ከሀሮ በኬ ገበያ ተገዝቶ በአዳማ ዙሪያ ባሉ ማድለቢያዎች ከደለበ በኋላ በጅቡቲ መንገድ ይሄዳል። በምሥራቅ በኩል ግን ብዙው በግና ፍየል የእኛን ወረቀት ሳይዝ ድንበሩን ተሻግሮ ወደ በርበራና ወደ ቦሳሶ ይነዳል፤ እዚያም የሌላ አገር ከብት ሆኖ ይሸጣል። ይህን ኮንትሮባንድ ብሎ መሳደብ ቀላል ነው። ነገር ግን ለዋርዴር አርብቶ አደር ቅርቡ ገበያ የትኛው ነው? ሩዝና ዱቄትስ የሚያመጣለት ማን ነው? ወረቀታችን ከማኅተሙ ሌላ የሚሰጠው ጥቅም እስከሌለ ድረስ ሰውየው ወደሚጠቅመው ይሄዳል። የሚያሳዝነው ግን ይህ ነው፦ አንዱ በግ በጂዳ በሽታ ቢገኝበት ከየት ቀበሌ እንደመጣ ማንም አያውቅም፤ ስለዚህ የአንዱ ጥፋት የሁሉ ይሆናል።

ይህን የመነሻ ነገር የፈታችው ቦትስዋና ናት። በ2000ዎቹ መጀመሪያ ሥጋዋን ለአውሮፓ ገበያ ለማስጠበቅ በየከብቱ ጨጓራ ውስጥ ቁጥር ያለው መለያ በማዋጥ ከብቱ የትኛው ግጦሽ እንደዋለ መዝግባ ያዘች። በኋላ ወደ ጆሮ ምልክት ዞራለች። የእኛ መንጋ ከእርሷ ብዙ እጥፍ ስለሚበልጥ እንዲሁ እንቅዳው ማለት አይቻልም፤ ቢሆንም ለውጭ ገበያ ተለይተው በሚደልቡት ወይፈኖች መጀመር አይከብድም። ሥጋ አድርጎ መላክም ከቁም ከብት ይልቅ አደጋው ያንሳል፤ ሥጋው ከ2 ዲግሪ በላይ 24 ሰዓት ቆይቶ ኮምጣጤነቱ ከ6.0 በታች ከወረደ የአፍተ እግር ቫይረስ በጡንቻው ውስጥ ይሞታልና። የሞጆና የቢሾፍቱ ቄራዎች ወደ ዓረብ አገር የሚልኩት ሥጋ ከብቱ ሳይነዳ በአውሮፕላን የሚደርስ በመሆኑም ይጠቅማል። ሆኖም የዓረፋ በግ በሕይወቱ እንዲደርስ ስለሚፈለግ የቁም ከብት ንግድ በቅርቡ የሚቀር አይመስለኝም።

ይህ ሁሉ የማይቻል ነው እንዳይባል አንድ ማስረጃ አለን። ያ በምጽዋ የገባው ደስታ በኢትዮጵያ ለመጨረሻ ጊዜ የታየው በ1995 ነው፤ በ2011ም ከዓለም መጥፋቱ ታወጀ። በአፋር በረሓ የጠፋው ሐኪም በመኪና ስለደረሰ አልነበረም። ሙቀት የሚችል ክትባት ተዘጋጅቶ፣ አርብቶ አደሮቹ ራሳቸው መከተብን ተምረው፣ በእግር እየሄዱ ስለከተቡ ነው። ያም ብቻ አይደለም፤ ክትባቱ ከቆመ በኋላ ለዓመታት ደም እየተሰበሰበ በሽታው አለመኖሩ ተረጋግጧል። ለስምጥ ሸለቆ ትኩሳትና ለውርጃ የሚያስፈልገውም ይኸው ዓይነት የእግር ሥራ ነው።

ከመካከላችን በቢሾፍቱም ሆነ በሌላ ስፍራ የእንስሳት ሕክምና ተምረው ነገ በማቆያ የሚመደቡ አሉ። ለእነርሱ ደንቡ ስለ ፈራሚው ያለውን ልጥቀስላቸው። ሐኪሙ ራሱ የማያውቀውን ወይም ሊያረጋግጥ የማይችለውን ነገር አይመሰክርም። በሚፈርምለት ዕቃ ንግድ ውስጥ ጥቅም ሊኖረው አይገባም። የፊርማውና የማኅተሙ ቀለም ከወረቀቱ ኅትመት ቀለም የተለየ መሆን አለበት። ባዶ ወይም ያልተሞላ ወረቀት ላይ ከቶ አይፈርምም፤ ዓርብ ማታ መኪናዎቹ ተጭነው ሞተራቸው እየጮኸ ነጋዴው «የቀረውን ጂዳ ሲደርስ እሞላዋለሁ» ቢለውም እንኳ።